ቆርኪ በሳጥን ውስጥ፦ ሁሉንም እንደቆጠርን በምን እናውቃለን?

በዚህ እትም የሒሳብ ገጻችንን ከወትሮው ረዘም አድርገነዋል። ምክንያቱ አንድ ጥያቄ ነው። በካምፕ የሚያስተምሩ መምህራን ወደ ኪሊማኒ ቢሮአችን በሚልኩልን ማስታወሻ ላይ በተለያየ አነጋገር ተደጋግሞ ይመጣል፦ ተማሪው መልሱን አገኘሁ ይላል፤ የመልስ መጽሐፍ ግን የለንም፤ ታዲያ ትክክል መሆኑን በምን እናረጋግጥ? መደመር ወይም ማካፈል ከሆነ ችግር የለም፣ ወደኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል። "በስንት መንገድ ይቻላል?" የሚል ጥያቄ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። አንድ ተማሪ ሠላሳ መንገድ ጽፎ ሠላሳ አንደኛውን ረስቶ ሊሆን ይችላል። የረሳውን ደግሞ ደብተሩ ላይ አያየውም፤ ቢያየው ኖሮ አይረሳውም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ራሱን በራሱ ስለሚያርም አንድ የቆጠራ ዓይነት ነው። የሚያስፈልገው ቆርኪና ካሬ ደብተር ብቻ ነው። ቆርኪ ከሌለ ጠጠርም ይሆናል። ክክና ባቄላ ግን ባትጠቀሙ እንመርጣለን፤ የሚበላ ነገር መሬት ላይ ማፍሰስ ለማንም ደስ አይልም።

እስቲ 5 ቆርኪ አምጡ። በስንት መንገድ ልንከፋፍላቸው እንችላለን? ሁሉንም አንድ ላይ ልንተው እንችላለን፣ 5። ወይም 4 እና 1። ወይም 3 እና 2። ከዚያ 3፣ 1፣ 1፤ ከዚያ 2፣ 2፣ 1፤ ከዚያ 2፣ 1፣ 1፣ 1፤ በመጨረሻም አምስቱንም ለየብቻ። ጠቅላላ 7 ነው። አንድ ደንብ ብቻ አለ፦ ቅደም ተከተል አይቆጠርም። 3 እና 2 ብንል 2 እና 3 ብንል ያው አንድ ክፍፍል ነው።

ገበጣ የተጫወተ ሰው እዚህ ላይ ሊቃወመን ይችላል። ልክ ነው፣ በገበጣ አራት ጠጠር የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ጨዋታውን ይወስነዋል። (የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የገበጣ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት ጽፏል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ተመሳሳዩ ጨዋታ ባኦ ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ግን ጠጠሮቹ በስንት በስንት እንደተከመሩ ብቻ ነው። የማን ጉድጓድ ነው፣ በየት በኩል ነው የሚለውን እንተወዋለን።

አሁን ቁጥሩን ከፍ እናድርግ። ለ6 ቆርኪ 11 ክፍፍል አለ፣ ለ10 ቆርኪ 42። እስከዚህ ድረስ በእጅ ይደረሳል። ለ100 ግን 190,569,292 ነው! ለ200 ደግሞ 3,972,999,029,388። ይህን የመጨረሻውን ያሰላው የእንግሊዝ መድፈኛ ጦር መኮንን የነበረው ፐርሲ ማክማሆን ነው። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ከ1 እስከ 200 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ሰንጠረዥ ሠራ። ሃርዲና ራማኑጃን በ1918 ላወጡት ታዋቂ ቀመር ማመሳከሪያ የሆነው ይኸው ሰንጠረዥ ነበር። አንድ በአንድ ጽፎ መቁጠር እንደማይሆን ከዚህ ይታያል፤ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ዘዴው ክፍፍሉን ቁጥር ሳይሆን ቅርጽ አድርጎ ማየት ነው። ቆርኪዎቹን በረድፍ ደርድሩ። ትልቁ ክምር ከላይ፣ ትንሹ ከታች፣ ሁሉም ረድፎች ደግሞ በግራ በኩል እኩል ይጀምሩ። ለምሳሌ 3 እና 2 እንዲህ ይሆናል፦

●●●
●●

ይህ ሥዕል በሒሳብ መጻሕፍት በኖርማን ፌረርስ ስም ይጠራል። ፌረርስ የካምብሪጅ ሰው ነበር፤ ሐሳቡን ለዓለም ያሳወቀው ግን ሒሳብ ሊቁ ጄምስ ሲልቨስተር ነው፣ በ1853። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ረድፍ መደርደር እኮ ልጅም ያውቃል። ግን ወዲያውኑ አንድ ነገር ይሰጠናል። ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡት፦ የመጀመሪያው ቁልቁል መስመር 2 ቆርኪ አለው፣ ሁለተኛውም 2፣ ሦስተኛው 1። እንግዲህ 3 እና 2 የነበረው ወደ 2፣ 2፣ 1 ተገለበጠ። ስለዚህ "ከሦስት ያልበለጡ ረድፎች ያሏቸው ክፍፍሎች" እና "ከሦስት የሚበልጥ ክምር የሌለባቸው ክፍፍሎች" ብዛታቸው እኩል ነው። አንዱን የቆጠረ ሌላውንም ቆጠረ ማለት ነው። ምንም ስሌት አልሠራንም፣ ወረቀቱን ብቻ አዞርን።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንምጣ። በካሬ ደብተራችሁ ላይ ቁመቱ 3፣ ወርዱ 4 የሆነ ሳጥን ሥሩ፤ 12 ትንንሽ ካሬ ይኖረዋል። ጥያቄው፦ ከዚህ ሳጥን ሳይወጡ ስንት ዓይነት ክፍፍሎች ሊቀመጡ ይችላሉ? ማለትም ከ3 የማይበልጡ ረድፎች፣ እያንዳንዱም ረድፍ ከ4 ቆርኪ የማይበልጥ። ባዶውን ሳጥንም አንድ ብለን እንቆጥራለን። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል።

ገደብ ሲጨመር ነገሩ የሚከብድ ይመስላል አይደል? እዚህ ግን ቀለለ። ቆርኪ ያለበትንና ባዶውን የሚለየውን ጠርዝ በእርሳስ ተከተሉ። ከሳጥኑ የታችኛው ግራ ማዕዘን ተነሱና የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ድረስ ሂዱ። ቅርጹ ምንም ይሁን ምን ጉዟችሁ ሁልጊዜ 4 እርምጃ ወደ ቀኝና 3 እርምጃ ወደ ላይ ነው። ወደ ቀኝ የሚለውን "ቀ"፣ ወደ ላይ የሚለውን "ላ" እንበለው። ከላይ የሣልነው 3 እና 2 በዚህ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ሦስተኛው ረድፍ ባዶ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ላይ እንወጣለን፣ ከዚያ ሁለት ወደ ቀኝ፣ እንዲህ እያለ፦ ላ ቀ ቀ ላ ቀ ላ ቀ። በተቃራኒው አንድ ሰው አራት ቀ እና ሦስት ላ በፈለገው ቅደም ተከተል ቢጽፍልን ቅርጹን መልሰን እንሥለዋለን። አንድ ቅርጽ አንድ መንገድ፣ አንድ መንገድ አንድ ቅርጽ።

መንገድ ስንል የእግር መንገድ ብላችሁ አስቡት። እዚህ ኪሊማኒ ንጎንግ ሮድ፣ አርግዊንግስ ኮድሄክ ሮድና ሌናና ሮድ በግምት ጎን ለጎን ይዘልቃሉ፣ የሚያገናኟቸው አጫጭር መንገዶችም አሉ። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ወደኋላ ሳይመለስ ሌላው ጫፍ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው በየመገናኛው "ልታጠፍ ወይስ ልቀጥል?" እያለ ይወስናል። የናይሮቢ መንገድ ስለሚጠማዘዝ ለሒሳብ አይመችም እንጂ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለ ሰፈር ደብተር ላይ እንሥራና በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ "እዚህ ለመድረስ ስንት መንገድ አለ?" የሚለውን እንጻፍ። ወደ አንድ መገናኛ የሚደረሰው ከግራ ወይም ከታች ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ጎረቤቶች ቁጥር መደመር ይበቃል፦

1 4 10 20 35
1 3 6 10 15
1 2 3 4 5
1 1 1 1 1

መነሻው ታችኛው ግራ ያለው 1 ነው፤ መድረሻው ላይኛው ቀኝ፣ 35። መደመር የሚችል የአራተኛ ክፍል ልጅ ይህንን ይሠራዋል። ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ ደግሞ ከ7 እርምጃዎች ውስጥ ሦስቱን ለ"ላ" መምረጥ ነው ብለው 7 × 6 × 5 ን ለ 3 × 2 × 1 ያካፍላሉ፤ 210 ለ 6፣ ያው 35።

ልብ በሉ፣ አንድም ክፍፍል ሳንጽፍ ጠቅላላውን አወቅን። አሁን ነው እንግዲህ ዝርዝሩን የምንጽፈው። 35 ካልሞላ የረሳነው አለ፤ ካለፈ ደግመን ጽፈናል።

በክፍል ውስጥ እንዲህ እንድትሠሩት እንመክራለን። ክፍሉን በ11 ቡድን ክፈሉት። አንደኛው ቡድን በ1 ቆርኪ፣ ሁለተኛው በ2፣ እያለ እስከ 11 ድረስ ይያዝ። እያንዳንዱ ቡድን በያዘው ቆርኪ በሳጥኑ ውስጥ የሚገቡትን ቅርጾች በሙሉ ይሣል። ባዶው ሳጥንና ሙሉው ሳጥን አንድ አንድ ቅርጽ ብቻ ስላላቸው ቡድን አያስፈልጋቸውም። ውጤቱ ከ0 እስከ 12 ቆርኪ በቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 4፣ 5፣ 4፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1

ድምሩ 35። ይህን ቁጥር ግን ቀድማችሁ ሰሌዳ ላይ አትጻፉ! መምህሩ የሚያውቀው 35ን ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

ዝርዝሩ ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ ነው። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ ባዶ የቀሩትን ካሬዎች ተመልከቱ፤ ሳጥኑን ገልብጣችሁ ስታዩት እነሱም ራሳቸው የክፍፍል ቅርጽ ናቸው። 5 ቆርኪ ያለበት እያንዳንዱ ሥዕል 7 ባዶ ካሬ ያለው ስለሆነ ከ7 ቡድን አንድ ሥዕል ጋር ይጣመራል። ባዶውን ሳጥን የቆጠርነውም ለዚህ ነው፣ የሙሉው ሳጥን ጓደኛ እሱ ነው። ስለዚህ 5ኛውና 7ኛው ቡድን ወረቀት ተለዋውጠው አንዱ የሌላውን ያርማል። 4ኛው ከ8ኛው፣ 3ኛው ከ9ኛው እንዲሁ። መምህሩ ሰሌዳው ጋ ቆሞ መልስ ማደል አይጠበቅበትም።

6ኛው ቡድን ብቻውን ይቀራል፤ እሱ የሚታረመው በራሱ ነው። ይሄኛው ለእኛ ከሁሉም የሚጥመን ክፍል ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ቡድኑ 4 እና 2፣ 3 እና 3፣ እንዲሁም 3፣ 2፣ 1፣ ከዚያ 2፣ 2፣ 2 ብሎ አራት ቅርጽ ጻፈ እንበል። የክፍሉ ድምር 34 መጣ። አንድ ጎድሏል፣ ግን የቱ? አሁን የእያንዳንዱን ባዶ ቦታ እንይ። 4 እና 2 ሲቀመጥ ከላይኛው ረድፍ ምንም አይተርፍም፣ ከመካከለኛው 2፣ ከታችኛው 4። ባዶው ቦታ ራሱ 4 እና 2 ነው፤ ስለዚህ የራሱ ጓደኛ ነው። 3፣ 2፣ 1 ም ባዶው 1፣ 2፣ 3 ስለሆነ የራሱ ጓደኛ ነው። 2፣ 2፣ 2 ም እንደዚሁ። 3 እና 3 ጋ ስንደርስ ግን ባዶው 1፣ 1 እና 4 ነው። ይህ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ የለም። የጠፋው 4፣ 1፣ 1 ነበር ማለት ነው! ጓደኛውን ያጣው ቅርጽ የጠፋውን ነገረን።

ይህ ዘዴ ሁሉንም ስሕተት ይይዛል ብለን ግን አናጋንን። ተማሪው 3 እና 3 ንም 4፣ 1፣ 1 ንም አብሮ ከረሳ ጓደኛ ያጣ ቅርጽ አይኖርም። ያኔ ድምሩ 33 መሆኑ ያስጠነቅቀናል እንጂ የትኞቹ እንደጠፉ አይነግረንም። አንዱን ረስቶ ሌላውን ደግሞ ከጻፈ ደግሞ ድምሩ 35 ሆኖ ያታልለናል፣ ያኔ ጓደኛ ፍለጋው ይይዘዋል። ሁለቱን ማረጋገጫዎች አንድ ላይ መጠቀም ነው የሚሻለው።

ሦስተኛ ማረጋገጫም አለ፣ ፈጠን ብለን እንለፈው። ለ6 ቆርኪ የጻፋችኋቸውን ሁለት ቦታ ክፈሉ፦ የላይኛው ረድፍ 4 ሆኖ ሳጥኑን ዳር እስከ ዳር የሞላባቸውና ያልሞላባቸው። የሞላባቸውን ያንን ረድፍ ብታነሱት ቁመቱ 2 በሆነ ሳጥን ውስጥ 2 ቆርኪ ይቀራል፤ ይህ በ2 መንገድ ይሆናል። ያልሞላባቸው ደግሞ ወርዱ 3 በሆነ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ እነሱ 3 ናቸው። 2 ሲደመር 3፣ 5። በዚህ መንገድ ከትንሽ ሳጥን እየተነሳን የትልቁን ሳጥን ዝርዝር ምንም ሥዕል ሳንሥል በመደመር ብቻ እንሠራለን። ለኮምፒዩተር የሚታዘዘውም ይኸው ነው።

አንድ ተማሪ ዝርዝሩን አይቶ "እስከ መሀል እየጨመረ ሄዶ ከዚያ ይቀንሳል፣ በማንኛውም ሳጥን እንዲህ ነው?" ብሎ ቢጠይቃችሁ አትናቁት። አርተር ኬይሊ ይህንን በ1850ዎቹ እንደ እውነት ይዞት ነበር፤ ማረጋገጫ ያገኘለት ግን ሲልቨስተር ነው፣ በ1878፣ ያውም ከቆርኪና ከሳጥን በጣም በራቀ መንገድ። ቅርጾቹን ራሳቸውን አንድ ለአንድ እያጣመሩ "ይኸው ለምን እንደሚጨምር" ብሎ ማሳየት የቻለችው ካትሊን ኦሃራ በ1990 ነች። በካሬ ደብተር ላይ ለሚታይ ነገር መቶ አሥራ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ፈጀ።

የሳጥኑ ገደብ አንዱ ነው፤ ሌላ ዓይነት የቅርጽ ገደብም አለ። በ1740 የበርሊኑ ፊሊፕ ኖዴ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ለነበረው ለሊዮናርድ ኦይለር በደብዳቤ አንድ ጥያቄ ላከለት፦ 50ን ሁሉም የተለያዩ በሆኑ 7 ቁጥሮች ድምር በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? ኦይለር 522 ብሎ መለሰ። የክፍፍል ትምህርት ዋናው ጉዞ የተጀመረው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል። ኦይለር የሠራው በአልጀብራ ነበር፤ እኛ ግን በቆርኪ ልናየው እንችላለን። ረድፎቹ ሁሉ የተለያዩ ከሆኑ የታችኛው ቢያንስ 1፣ ከሱ በላይ ያለው ቢያንስ 2፣ እያለ የላይኛው ቢያንስ 7 ነው። ማለትም በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ደረጃ የሚመስል ቅርጽ ተቀምጧል፣ ድምሩም 28። ደረጃውን አንሱት። 22 ቆርኪ ይቀራል፣ ከ7 በማይበልጡ ረድፎች፣ አሁን ግን እኩል መሆን ይፈቀዳል። 522 የዚህ ብዛት ነው።

50 ቢበዛባችሁ በ10 ቆርኪና በ3 የተለያዩ ረድፎች ሞክሩት። ደረጃው 3፣ 2፣ 1 ነው፣ ድምሩ 6። 4 ቆርኪ ይተርፋል፣ ከ3 በማይበልጡ ረድፎች፦ 4 ወይም 3 እና 1 ወይም 2 እና 2 ወይም 2፣ 1፣ 1። ደረጃውን መልሳችሁ ስትጨምሩ 7፣ 2፣ 1፤ 6፣ 3፣ 1፤ 5፣ 4፣ 1፤ 5፣ 3፣ 2 ይሆናል። አራት ብቻ። አምስተኛ አገኘሁ የሚል ተማሪ ካለ ሁለት እኩል ረድፍ ውስጥ ገብቷል ወይም ደግሞ ጽፏል ማለት ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎች የምንተወው ሥራ የመጣው ከአንድ የተማሪዎች መጽሔት ነው። ራማኑጃን የማክማሆንን ሰንጠረዥ ሲመለከት አንድ ነገር አስተዋለ፦ በ4 ወይም በ9 የሚያልቁ ቁጥሮች የክፍፍላቸው ብዛት ሁልጊዜ ለ5 ይካፈላል። ለ4 ብዛቱ 5፣ ለ9 ብዛቱ 30፣ ለ14 ብዛቱ 135። ይህ እውነት መሆኑን በ1919 በታተመ ጽሑፉ አረጋገጠ። ግን አምስቱ እኩል ክምሮች የትኞቹ ናቸው? የትኛው ክፍፍል ከየትኛው ጋር ይመደባል? በ1944 ገና በሃያ ዓመቱ አካባቢ የነበረው ፍሪማን ዳይሰን የካምብሪጅ የሒሳብ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት ዩሬካ በተባለ መጽሔት ላይ በጣም ቀላል የሆነ ግምት አወጣ። የቅርጹን ወርድ (የላይኛው ረድፍ ቆርኪ ብዛት) ውሰዱ፣ ከሱ ላይ ቁመቱን (የረድፎቹን ብዛት) ቀንሱ። 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 5 ቀንሱ፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ከ0 እስከ 4 እስኪገባ ድረስ 5 እየጨመሩ መሄድ ነው። የመጣው ቁጥር የክምሩ ስም ነው።

ለ4 ቆርኪ እንሞክረው። 4 ብቻውን፦ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 1፣ ልዩነቱ 3። 3 እና 1፦ 3 ሲቀነስ 2፣ 1። 2 እና 2፦ 0። 2፣ 1፣ 1፦ 2 ሲቀነስ 3 ከዜሮ በታች 1፣ 5 ሲጨመርበት 4። አራቱም ለየብቻ፦ 1 ሲቀነስ 4 ከዜሮ በታች 3፣ 5 ሲጨመርበት 2። ክምር 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 አንድ አንድ ደረሳቸው። ዳይሰን ይህ ሁልጊዜ እንደሚሠራ ማረጋገጥ አልቻለም ነበር፤ ኦሊቨር አትኪንና ፒተር ስዊነርተን-ዳየር በ1954 አረጋገጡት።

እንግዲህ ሥራው ይኸውላችሁ። 9 ቆርኪ ያዙ፣ 30ዎቹን ክፍፍሎች በሙሉ ሣሉ፣ በዳይሰን ደንብ በአምስት ክምር መድቧቸው። እያንዳንዱ ክምር 6 መሆን አለበት። አንዱ ክምር 5 ከሆነባችሁ የጠፋው ቅርጽ ወርዱና ቁመቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ክምሩ ራሱ ይጠቁማችኋል፤ ከዚያ ፈልጉት። ሥዕሎቻችሁን በመምህራችሁ በኩል ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም ሙሉውን ሰንጠረዥ ከናንተ ሥዕሎች መርጠን እናወጣለን።